37 ቅርንጫፎች የጠፉበት ሰኞ፦ ኦኤስፒኤፍን በእምብርትና ቅርንጫፍ ኔትዎርክ ላይ ስለማዋቀር የተደረገ የጉዳይ ጥናት

በአንድ የሐምሌ ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ካሉት 38 ቅርንጫፎች 37ቱ የኮር ባንኪንግ ሥርዓቱን፣ ማለትም የደንበኞች ሒሳብ የሚያዝበትን ዋና ፕሮግራም፣ መክፈት አቃታቸው። ከደብረ ብርሃን እስከ ደሴ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ማርቆስ ደንበኞች በየመስኮቱ ተሰልፈው ነበር፤ ወቅቱ ገበሬው ለማዳበሪያ ብድር የሚወስድበት በመሆኑ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ከሩቅ ቀበሌ ዝናብ እየመታቸው የመጡ ነበሩ። እኔ በጊዜው የተቋሙን ኔትዎርክ ከምንከታተል ሁለት ባለሙያዎች አንዱ ነበርሁ። አገልግሎቱ የተመለሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። መንስኤው የአንድ መስመር ትእዛዝ ጉድለት ነበር፤ ያ ጉድለት አምስት ወር ሙሉ አንዳችም ምልክት ሳያሳይ ተቀምጦ፣ አንድ ሌሊት መብራት በመጥፋቱ ምክንያት ሥራ ሊያቆም እንዴት ቻለ የሚለውን ጥያቄ ግን በአንድ መስመር መመለስ አይቻልም።

የኔትዎርኩ አሠራር

ተቋሙ ኔትዎርኩን የዘረጋው በመንኰራኩር አምሳል ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ራውተር እምብርቱ ሲሆን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚገናኘው ከእርሱ ጋር ብቻ ነው፤ ቅርንጫፍን ከቅርንጫፍ በቀጥታ የሚያገናኝ መስመር የለም። ሰርቨሮቹ በሙሉ ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሚገኙ፣ ከቅርንጫፍ የሚነሣው ትራፊክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደዚያው ስለሚሄድ፣ ቅርጹ ለሥራው የተስማማ ነበር። መስመሮቹ ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። በትልልቅ ከተሞች ያሉት ቅርንጫፎች ፋይበር፣ ራቅ ያሉት የሞባይል ዳታ፣ ሁለቱ ደግሞ ቪሳት (የሳተላይት መስመር) ነበራቸው።

ይህን ልዩነት ለመሸፈን በሁሉም መስመሮች ላይ ወጥ የሆነ የጂአርኢ ታነል (በሌላ ኔትዎርክ ውስጥ የሚያልፍ ምናባዊ መስመር)፣ አይፒሴክ በሚባለው የምስጠራ ዘዴ ተመስጥሮ፣ ዲኤምቪፒኤን በሚባለው አሠራር ተዘርግቶ ነበር። በዚህ አሠራር ዋናው ራውተር ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የተለየ ታነል አያዘጋጅም። አንድ ታነል ኢንተርፌስ ብቻ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሲነሣ ኤንኤችአርፒ በተባለው ፕሮቶኮል አማካይነት የታነል አድራሻውንና የውጭ አድራሻውን አጣምሮ ለዋናው ራውተር ይመዘገባል፤ ዋናው ራውተርም ከዚህ መዝገብ እየተነሣ ለማን በየት በኩል መላክ እንዳለበት ያውቃል። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት ዋናውን ራውተር መንካት ስለማያስፈልግ በየጊዜው ለሚስፋፋ ተቋም ትልቅ እፎይታ ነው።

አድራሻዎቹ በሥርዓት የተመደቡ ነበሩ። የሰርቨሮቹ ክፍል 10.10.0.0/16፣ የቅርንጫፎቹ 10.20.0.0/16፣ ታነሉ ደግሞ 10.30.0.0/24 ነበር (ከጭረቱ በኋላ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን የአድራሻው ክልል ይሰፋል)። ቁጥር 17 የሆነ ቅርንጫፍ የውስጥ ኔትዎርኩ 10.20.17.0/24፣ የታነል አድራሻው 10.30.0.17 ይሆናል። ይህን ያቀደው ከእኔ በፊት የነበረ ባለሙያ ነው፤ ዛሬም ድረስ አመሰግነዋለሁ፣ ኋላ ላይ ያደረግነውን ማስተካከያ የሚቻል ያደረገው ይህ ሥርዓት ነውና።

ጣጣው የመጣው ከራውቲንጉ፣ ማለትም ፓኬቶች የሚሄዱበትን መንገድ ከሚመርጠው ሥራ ነው። ኦኤስፒኤፍ፣ ማለትም ራውተሮች ስለ መንገዶች መረጃ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል፣ በዋናው ራውተርና በ38ቱ ቅርንጫፎች ላይ፣ ሁሉም በአንድ ኤሪያ (አንድ ዓይነት መረጃ በሚጋሩ ራውተሮች ክፍል) ውስጥ፣ ታነሉም ብሮድካስት ዓይነት ኢንተርፌስ ነው ተብሎ ተዋቅሮ ነበር። ብሮድካስት ማለት ለፕሮቶኮሉ «እዚህ ላይ ያሉ ራውተሮች ሁሉ አንድ ስዊች ላይ እንደተሰኩ ያህል እርስ በርሳቸው ይሰማማሉ» ብሎ መንገር ነው። በታነላችን ላይ ግን ይህ እውነት አልነበረም። የቅርንጫፍ ራውተር የሚልከው መልቲካስት (ለብዙዎች በአንዴ የሚላክ መልእክት) የሚደርሰው ለዋናው ራውተር ብቻ ነው፤ ደሴ ኮምቦልቻን አይሰማም፣ ኮምቦልቻም ደሴን አይሰማም። ይህን የተዛባ መግለጫ ምንም ጉዳት ሳያስከትል የሚያኖረው አንድ ጥንቃቄ ብቻ ነበር።

ያም ጥንቃቄ ከተወካይ ራውተር ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው። በጆን ሞይ ተዘጋጅቶ በ1998 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 2328 ሆኖ የወጣው የኦኤስፒኤፍ ሰነድ እንደሚያዘው፣ ብሮድካስት በሆነ ኔትዎርክ ላይ ራውተሮቹ ከመካከላቸው አንድ ዴዚግኔትድ ራውተር (ተወካይ) እና አንድ ምክትል ይመርጣሉ። የዚያን ኔትዎርክ አባላት ዘርዝሮ ለሌሎች የሚያስታውቀው ተወካዩ ነው። እያንዳንዱ አባል በበኩሉ «እኔ እገሌ በሚወክለው ኔትዎርክ ላይ ነኝ» ይላል፤ ሁለቱ መግለጫዎች ሲገጥሙ ብቻ መንገድ ይሰላል። ቅርንጫፎች እርስ በርስ በማይሰማሙበት ታነል ላይ ተወካይ መሆን የሚችለው ሁሉም የሚሰሙት ዋናው ራውተር ብቻ ስለሆነ፣ የእርሱ ፕራዮሪቲ (በምርጫው ላይ ያለው የቅድሚያ ቁጥር) 255፣ የቅርንጫፎቹ ሁሉ 0 ተደርጎ ነበር። ፕራዮሪቲው 0 የሆነ ራውተር ለምርጫ አይቀርብም።

ያ ጠዋት

እሑድ ሌሊት በዋናው መሥሪያ ቤት አካባቢ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጄኔሬተሩ አልተነሣም፤ ዩፒኤሱ ባትሪው እስኪያልቅ ይዞ ቆየና ዋናው ራውተር ጠፋ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲመለስ ራውተሩም ተነሣ፤ ሌሊት ስለነበር ያስተዋለ አልነበረም።

ጠዋት ስልኮቹ መጮኽ ሲጀምሩ የመጀመሪያው ጥርጣሬያችን እንደ ወትሮው መስመር ላይ ነበር። አገልግሎት ሰጪው ግን መስመሩ ደህና እንደሆነ ነገረን፤ እኛም ከዋናው ራውተር ላይ ሆነን ወደ ቅርንጫፎቹ የታነል አድራሻ ፒንግ ስናደርግ አንድ በአንድ መለሱልን። የአይፒሴኩ ምስጠራ በትክክል ይሠራል፤ የኤንኤችአርፒ መዝገቡ ሙሉ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያደናገረን የኦኤስፒኤፍ የጎረቤቶች ዝርዝር ነው፤ ከ38ቱ ቅርንጫፎች ጋር ያለው ግንኙነት በሙሉ «ፉል» (የተሟላ) የሚለውን ያሳይ ነበር። ብዙ ባለሙያ ይህን ቃል ሲያይ ኦኤስፒኤፍን ነጻ አውጥቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። እኛም ግማሽ ሰዓት ያህል ፋየርዎሉንና ሰርቨሩን ስንመረምር ቆየን።

የሥራ ባልደረባዬ የኤምቲዩ (አንድ ፓኬት ሊኖረው የሚችለው ትልቁ መጠን) አለመጣጣም ሊሆን ይችላል አለ፤ ጥርጣሬው መሠረት ነበረው፣ ጂአርኢና አይፒሴክ ከፓኬቱ ላይ ቦታ ስለሚወስዱ በታነል ላይ የኤምቲዩ ችግር የተለመደ ነውና። ነገር ግን በሁለት ጎረቤቶች መካከል ኤምቲዩ ካልተጣጣመ ኦኤስፒኤፍ መረጃ መለዋወጥ ሲጀምር እዚያው ይቆማል፤ «ፉል» እስከሚለው አይደርስም። ስለዚህ ይህን ተውነው።

ቀጥሎ የዋናውን ራውተር የራውቲንግ ሠንጠረዥ አየን። ከ10.20 የሚጀምር መንገድ አንድ ብቻ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከደንበኞች አገልግሎት ክፍል አንዲት ባልደረባ መጥታ፣ ሁሉንም ቅርንጫፎች እየደወለች ስትጠይቅ የደብረ ሲናው ሥራ አስኪያጅ «እኛ ጋ ምንም ችግር የለም እኮ፣ ደንበኛ እያስተናገድን ነው፤ ሌሎቹ ምን ሆነው ነው?» እንዳሏት ነገረችን። ሠንጠረዡ ላይ የነበረችው አንዷ መንገድም የደብረ ሲና ነበረች። ከ38 ቅርንጫፎች አንዱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ጥያቄው ሌሎቹ ለምን ተበላሹ ከሚለው ይልቅ ይህኛው በምን ተለየ የሚለው መሆን ነበረበት።

የኦኤስፒኤፍን የመረጃ ቋት ስንከፍት ምስሉ ግልጽ ሆነ። የ38ቱም ቅርንጫፎች ማስታወቂያ ቋቱ ውስጥ አለ፤ ከ37ቱ አጠገብ ግን አስታዋቂው ራውተር የማይደረስበት እንደሆነ ተጽፏል። ታነሉን የሚወክለው ማስታወቂያ አንድ ሲሆን ያወጣው ዋናው ራውተር አልነበረም። ያወጣው የደብረ ሲና ራውተር ነበር፤ በውስጡም የተዘረዘሩት አባላት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ራሱና ዋናው ራውተር።

መንስኤው

ከአምስት ወር በፊት የደብረ ሲና ራውተር በኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ተቃጥሎ ተተክቶ ነበር። አዲሱ ሲዋቀር ፕራዮሪቲውን 0 የሚያደርገው መስመር ተዘለለ፤ ስለዚህ ራውተሩ መደበኛውን ዋጋ፣ ማለትም 1ን ይዞ ሥራ ጀመረ። ዋናው ራውተር ቀድሞ ተወካይ ሆኖ ስለነበር ደብረ ሲና ምክትል ከመሆን ያለፈ ነገር አላደረገም። በጎረቤቶች ዝርዝር ላይ በስሙ አጠገብ የምክትልነት ምልክት አምስት ወር ሙሉ ተጽፎ ኖሯል፤ ሌሎቹ 37ቱ አጠገብ እንዲህ ያለ ምልክት አልነበረም። ዝርዝሩን በየሳምንቱ እናየው ነበር፤ የምናየው ግን «ፉል» የሚለውን ብቻ ነበር።

ዋናው ራውተር በጠፋ ጊዜ ደብረ ሲና፣ ምክትል እንደመሆኑ፣ ራሱን ተወካይ አደረገ። ዋናው ራውተር ሲመለስ ደግሞ የኦኤስፒኤፍ ደንብ ነገሩን ወሰነው፤ አዲስ የሚነሣ ራውተር በሥራ ላይ ያለ ተወካይ ካገኘ፣ የቱንም ያህል ከፍ ያለ ፕራዮሪቲ ቢኖረው፣ ያንን አይነጥቅም። ደንቡ የተደነገገው ተወካዩ በየጊዜው እየተለዋወጠ ኔትዎርኩ እንዳይናወጥ ነው፤ በትክክለኛ ብሮድካስት ኔትዎርክ ላይ ጠቃሚ ነው። እናም 255 ያለው ዋናው ራውተር የደብረ ሲናን ተወካይነት ተቀብሎ ምክትል ሆነ።

የቀሩት 37 ቅርንጫፎች ደብረ ሲናን አይሰሙትም። በምርጫ ስሌታቸው የሚያስገቡት የሚሰሙትን ጎረቤት ብቻ ስለሆነ፣ የሚሰሙትም ዋናውን ራውተር ብቻ ስለሆነ፣ ተወካዩ እርሱ ነው ብለው ደመደሙ። ከእርሱ ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሟላ ስለነበር በየማስታወቂያቸው ላይ «ዋናው ራውተር በሚወክለው ኔትዎርክ ላይ ነኝ» ብለው ጻፉ። እርሱ ግን ተወካይ ስላልሆነ እንዲህ ያለ ኔትዎርክ አላስታወቀም። 37ቱ ሁሉ በሌለ ኔትዎርክ ላይ ነን እያሉ፣ ዋናው ራውተር ደግሞ ደብረ ሲና በሚወክለው ላይ ነኝ እያለ፣ ሁለቱ መግለጫዎች የትም አልገጠሙም። መረጃ መለዋወጡ የተሟላ ስለነበር ጎረቤትነቱ «ፉል» ነው፤ ስሌቱ ግን ከዋናው ራውተር ተነሥቶ ወደ እነርሱ የሚያደርስ መስመር አላገኘም። ሁለቱ መግለጫዎች የገጠሙት በደብረ ሲናና በዋናው ራውተር መካከል ብቻ በመሆኑ፣ ጉድለቱ ያለበት ቅርንጫፍ ብቻውን ሲሠራ ዋለ።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ ዋናውን ራውተር ሁለት ጊዜ በዕቅድ አጥፍተን አስነሥተነው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ምንም አልሆነም። መልሱን ያገኘነው ከመዝገቡ ላይ ሰዓቶቹን በማነጻጸር ነው። አንድ ራውተር ሲነሣ ራሱን ተወካይ ከማድረጉ በፊት አስቀድሞ የተመረጠ ካለ ለመስማት ይጠብቃል፤ ብሮድካስት በሆነ ኢንተርፌስ ላይ ይህ ጊዜ በመደበኛው 40 ሴኮንድ ነው። ደብረ ሲና በእነዚህ 40 ሴኮንዶች ውስጥ ምስጠራውን አድሶ፣ ተመዝግቦ፣ ሄሎ የሚባለውን የመተዋወቂያ መልእክት ከተለዋወጠ ተወካይነቱ ይጸናል። ካልደረሰ ግን ዋናው ራውተር ራሱን ተወካይ ያደርጋል፤ ኋላ ደብረ ሲና «ተወካዩ እኔ ነኝ» እያለ ቢመጣ ሁለት ተወካዮች ሲገናኙ የሚያሸንፈው ፕራዮሪቲው ከፍ ያለው ስለሆነ 255 ያለው ይጸናል። በዕቅድ ባጠፋንባቸው ጊዜያት ራውተሩ ጠፍቶ የቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ደብረ ሲና የአሮጌው ምስጠራ ቁልፍ እንደሞተ አውቆ አዲስ እስኪያዘጋጅ 40ው ሴኮንድ አልፎ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ስለጠፋ ደብረ ሲና አሮጌውን ቁልፍ ከጣለ ቆይቷል፤ ሳያቋርጥ እየሞከረ ይጠብቅ ነበር። መስመሩም ፋይበር በመሆኑ ቀድሞ ደረሰ። ሁለት ጊዜ ያዳነን የሴኮንዶች ልዩነት ነበር፤ ያደረግነው ሙከራም ምንም አላረጋገጠልንም ነበር።

በዚያ ጠዋት የወሰድነው እርምጃ አጭር ነው። ከዋናው ራውተር ላይ ሆነን በታነል አድራሻው ወደ ደብረ ሲና ራውተር ገብተን ፕራዮሪቲውን 0 አደረግን፤ ምርጫው ወዲያው እንደገና ተካሄደ፣ በአንድ ደቂቃ ጊዜ ውስጥም 37ቱ መንገዶች ሠንጠረዡ ላይ ተመለሱ።

ምን እንለውጥ?

ቀላሉ መንገድ የ38ቱን ራውተሮች ፕራዮሪቲ አረጋግጦ ማለፍ ነበር። ያንን በዚያው ቀን አደረግነው፤ እዚያ ላይ ማቆም ግን ትክክል አልመሰለኝም፣ ምክንያቱም በአንድ ቅርንጫፍ ላይ የተፈጠረ ስሕተት 37 ሌሎችን የሚያቆምበት ቅርጽ እንዳለ ይቀጥላል።

ሁለተኛው አማራጭ ታነሉን ፖይንት ቱ መልቲፖይንት ዓይነት ማድረግ ነበር። በዚህ ዓይነት ኢንተርፌስ ላይ ተወካይ አይመረጥም፤ ፕሮቶኮሉ ታነሉን የሚያየው ከዋናው ራውተር እንደሚነሡ የነጠላ መስመሮች ስብስብ ነው፣ እውነታውም ያ ነው። የሄሎው ጊዜ ከ10 ወደ 30፣ የመጠበቂያውም ከ40 ወደ 120 ሴኮንድ ስለሚቀየር በሁለቱም ጫፍ እኩል መደረግ አለበት እንጂ ሥራው ከባድ አይደለም። ኦኤስፒኤፍን በእንዲህ ያለ ኔትዎርክ ላይ ይዞ መቀጠል ለሚፈልግ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው። የተውነው በሌላ ምክንያት ነው።

ኦኤስፒኤፍ በአንድ ኤሪያ ውስጥ ያሉ ራውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ ያስገድዳል። የሞባይል ዳታ የሚጠቀም አንድ ቅርንጫፍ መስመሩ በተቋረጠና በተመለሰ ቁጥር፣ ዜናው በዋናው ራውተር በኩል ለ37ቱ ሁሉ ይሠራጫል፤ በቪሳት ለሚገናኙት ሳይቀር። ደብረ ማርቆስ ያለው ራውተር ከሚሴ ያለው መስመር መቋረጡን ማወቁ የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ወደ ከሚሴም ሆነ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው በዚያው በአንዱ መስመር ነውና። ይህን መረጃ ኤሪያው ውስጥ እያሉ ማስቀረት አይቻልም። ከኤሪያ ውጭ የሚመጣውን ማጥራት ይቻላል፣ ኤሪያ ውስጥ ያለውን ግን አይቻልም። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ኤሪያ እንስጥ ቢባል ደግሞ አንድ ኢንተርፌስ የሚገባው በአንድ ኤሪያ ብቻ ስለሆነ 38 ታነሎች ያስፈልጉ ነበር። እኔ ከዚህ ጉዳይ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ በመንኰራኩር ቅርጽ በተዘረጋ ኔትዎርክ ላይ ለራውቲንግ ፕሮቶኮል መምረጫው መለኪያ ቅርንጫፉን ምን ያህል እንደሚያሳውቅ አይደለም፤ የማይፈልገውን ምን ያህል ሊያስቀርለት እንደሚችል ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ስታቲክ፣ ማለትም በእጅ የሚጻፉና በራሳቸው የማይለወጡ፣ መንገዶችን አቀረበ። አሳቡ የዋዛ አልነበረም፤ ቅርንጫፉ አንድ መውጫ ብቻ ካለው ዳይናሚክ ራውቲንግ ለምን ያስፈልገዋል? ነገር ግን በዲኤምቪፒኤን ታነሉ ኢንተርፌስ ከማዶ ያለው ራውተር ቢሞትም አይወድቅም፤ በእርሱ ላይ የተጻፈ ስታቲክ መንገድም አብሮ ቆሞ ይቀራል። ተቋሙ በሌላ ሕንጻ ሁለተኛ ዋና ራውተር ለማቆም አቅዶ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ሲሞት ቅርንጫፎቹ ይህን በራሳቸው አውቀው የሚዞሩበት መላ ያስፈልግ ነበር።

ኢአይጂአርፒ የተባለው ሌላ የራውቲንግ ፕሮቶኮል በቴክኒክ ብቻ ቢመዘን ጥሩ ምርጫ ነበር። ቅርንጫፉን ስተብ (የሌሎች ትራፊክ የማያልፍበት ጫፍ) ብሎ መሰየምና ከዋናው ራውተር የተጠቃለለ፣ ማለትም ብዙ አድራሻዎችን በአንድ የያዘ፣ መንገድ ብቻ መላክ ያስችላል። ሲስኮ ለረጅም ዘመን ለብቻው የያዘው ይህ ፕሮቶኮል በ2016 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 7868 ሆኖ ቢታተምም፣ ሌሎች አምራቾች በስፋት አልተቀበሉትም፤ ተቋሙም ወደፊት የሚገዛቸውን ራውተሮች በአንድ አምራች እንዲወስን አልፈለግንም።

የተስማማነው በቢጂፒ ላይ ነው። ቢጂፒ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ፕሮቶኮል ነው ተብሎ ስለሚታሰብ አንዳንዶች ለ38 ቅርንጫፎች ከበደ አሉን። በእኔ እይታ ግን ለዚህ ቅርጽ ከሁሉ የቀለለ እርሱ ነው። ጎረቤትነቱ በሁለት ራውተሮች መካከል ብቻ የሚመሠረት የቲሲፒ ግንኙነት በመሆኑ መልቲካስትም ምርጫም አያስፈልገውም፤ ለማን ምን እንደሚነገርና ከማን ምን እንደሚሰማ ደግሞ በማጣሪያ መወሰን ይቻላል። ዋናው ራውተር ከ10.30.0.0/24 የሚመጣውን ግንኙነት ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ከሆነ፣ እንዲቀበል አደረግነው፤ ስለዚህ እንደ ቀድሞው አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት እርሱን መንካት አያስፈልግም። ሁሉም በአንድ የግል ኤኤስ ቁጥር (በአንድ አስተዳደር ሥር ያለ ኔትዎርክ መለያ) ውስጥ ናቸው። ቅርንጫፎቹ እርስ በርሳቸው ስለማይተዋወቁ ከአንዱ የተሰማውን መንገድ ለሌላው የሚያስተላልፍ ራውት ሪፍሌክተርም አላስፈለገንም። ለቅርንጫፍ የሚላከው የተጠቃለለ መንገድ ብቻ ነው፤ ከቅርንጫፍ የሚሰማው ደግሞ በ10.20.0.0/16 ውስጥ ያለ አንድ /24 ብቻ ነው።

የጊዜ ቆጣሪዎቹን፣ ማለትም ጎረቤት በሕይወት መኖሩን በየስንት ጊዜው እንደሚያሳውቅና ዝም ካለ ምን ያህል እንደሚጠበቅ የሚወስኑትን፣ በሚመለከት፣ በተለምዶ በብዙ ራውተሮች ላይ የሚገኘው 60ና 180 ሴኮንድ ለእኛ ረዘመ፤ 20ና 60 አደረግነው። ከዚህም እናሳጥረው የሚል አሳብ ነበር። ቪሳት የሚጠቀመው የጂኦስቴሽነሪ ሳተላይት ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ አንድ ፓኬት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ የሞባይል ዳታም በገበያ ቀን ሲጨናነቅ ለብዙ ሴኮንድ ዝም ይላል። ጊዜውን ማሳጠር የሞተውን መስመር ቶሎ ከማሳወቁ ይልቅ ያልሞተውን በሐሰት ያስገድለዋል።

በሙከራው ላይ የገጠመን

መጀመሪያ የሞከርነው ደብረ ብርሃን ላይ ነው፤ አንድ ነገር ቢበላሽ በመኪና ቶሎ ይደረሳልና። ለቅርንጫፎች እንዲላክ ያዘጋጀነው የተጠቃለለ መንገድ 10.0.0.0/8 ነበር፤ የተቋሙን አድራሻዎች ሁሉ በአንድ መስመር ስለሚይዝ ውብ መስሎን ነበር። ቢጂፒው ሥራ ጀመረ፣ መንገዱ ደረሰ፣ ወዲያውም ታነሉ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ተነሣ፣ መንገዱ ደረሰ፣ እንደገና ወደቀ። በዚህ መልክ ቀጠለ።

ምክንያቱ አገልግሎት ሰጪው ለመስመሮቹ የሰጠን የውጭ አድራሻዎች ራሳቸው ከ10.200 የሚጀምሩ መሆናቸው ነው። የደብረ ብርሃን ራውተር ወደ ዋናው ራውተር የውጭ አድራሻ ይደርስ የነበረው ወደ አገልግሎት ሰጪው በሚያመለክተው ዲፎልት መንገድ (ሌላ መንገድ ለሌለው አድራሻ ሁሉ በሚያገለግለው) ነበር። 10.0.0.0/8 በታነሉ በኩል ሲመጣለት፣ ከዲፎልቱ ይልቅ የተወሰነ መንገድ ስለሆነ፣ ያንን መረጠ፤ ማለትም ታነሉን የሚሸከመውን ፓኬት በራሱ በታነሉ ውስጥ ሊያስገባው ሞከረ። ራውተሩ ይህን ዙሪት ሲያስተውል ታነሉን ያወርደዋል፤ ታነሉ ሲወርድ መንገዱ ይጠፋል፤ መንገዱ ሲጠፋ ዲፎልቱ ይመለሳል፤ ታነሉም ይነሣል። በኦኤስፒኤፍ ዘመን ይህ ያልታየው የሚሠራጩት መንገዶች ሁሉ የ10.10ና የ10.20 ዝርዝሮች ስለነበሩ ነው።

ሁለት ነገር አስተካከልን። አንደኛ፣ በ10.0.0.0/8 ፈንታ 10.10.0.0/16ንና 10.20.0.0/16ን ለየብቻ ላክን። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ለዋናው ራውተር የውጭ አድራሻ ብቻ የሆነ፣ በአገልግሎት ሰጪው በኩል የሚያልፍ የ/32 ስታቲክ መንገድ ጻፍን፤ ከእርሱ የበለጠ የተወሰነ መንገድ ስለሌለ፣ ወደፊት በታነሉ በኩል ምንም ቢመጣ ያ አድራሻ ከቦታው አይነቃነቅም። ሁለተኛውን ብቻ ብናደርግ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ መስመር መኖር ወይም መዘለል ላይ የተንጠለጠለ ኔትዎርክ ምን እንደሚያስከፍል ከደብረ ሲና ተምረናል።

ሽግግሩና ፍተሻው

ሽግግሩ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ቢጂፒን በሁሉም ቅርንጫፎች ላይ ኦኤስፒኤፍን ሳናስወግድ ጎን ለጎን ሥራ አስጀመርነው። በሲስኮ ራውተሮች ላይ ኦኤስፒኤፍ 110፣ የውስጥ ቢጂፒ 200 የተአማኒነት ደረጃ ስላላቸውና አነስተኛው ቁጥር ስለሚመረጥ፣ በዋናው ራውተር ላይ ሥራውን የሚሠራው ኦኤስፒኤፍ ሆኖ የቢጂፒው መንገድ ከጀርባ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በየምሽቱ ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ እየመረጥን ኦኤስፒኤፉን አስወገድን፤ ገና ያልተሸጋገሩት የተሸጋገሩትን እንዳያጡ 10.20.0.0/16ን ከዋናው ራውተር ወደ ኦኤስፒኤፍ ጨምረን ነበር። ኦኤስፒኤፍ ዛሬም በዋናው መሥሪያ ቤት ስዊቾች መካከል አለ፤ እዚያ ራውተሮቹ በእውነት ስለሚሰማሙ ቦታው ነው። ታነሉ ላይ ግን የለም። የቅርንጫፍ ራውተር በታነሉ በኩል የሚማራቸው መንገዶችም ሁለት ብቻ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ የዋናውን ራውተር ኤሌክትሪክ ሦስት ጊዜ ነቀልን፦ ለሁለት ደቂቃ፣ ለዐሥር ደቂቃ፣ በመጨረሻም ለአንድ ሰዓት ተኩል። ሦስተኛውን ያስረዘምነው ያ ሌሊት ምን እንዳደረገ ስለምናውቅ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ፋይበር ያላቸው ቀድመው፣ የሞባይል ዳታዎቹ ተከትለው፣ ቪሳቶቹ በመጨረሻ ተመለሱ፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ በሌላው ላይ ያስከተለው ለውጥ አልነበረም። ቀጥለን ከደብረ ብርሃን ራውተር ላይ ሆን ብለን 10.10.0.0/16 የእኔ ነው ብለን አስታወቅን፤ ዋናው ራውተር ማስታወቂያውን ጣለው፣ ሰርቨሮቹም ካሉበት አልጠፉም።

አንድ ክፍተት ይቀራል። የመቀበያው ማጣሪያ ለሁሉም ቅርንጫፎች አንድ ስለሆነ፣ በስሕተት የኮምቦልቻን /24 ይዞ የተዋቀረ ሌላ ቅርንጫፍ ቢመጣ አያስቆመውም። ለጊዜው የምንጠብቀው በአድራሻ አመዳደቡ ነው፤ የቅርንጫፉ ቁጥር በታነል አድራሻውም በውስጥ ኔትዎርኩም ላይ ስለሚገኝ፣ በየሌሊቱ የሚሠራ አንድ አጭር ስክሪፕት ሁለቱን ያነጻጽራል፤ 10.30.0.17 ከ10.20.17.0/24 ሌላ ነገር ካስታወቀ ጠዋት ኢሜይል ይደርሰናል። ሁለተኛው ዋና ራውተር ሲተከል ማጣሪያው ለየቅርንጫፉ ተለይቶ እንዲጻፍ በግዢ ሰነዱ ላይ አስገብተናል።